ዳንቴል የለበሱት ኮምፒውተሮች

ባለፈው ሰሞን ቤታችን ውስጥ የውኃ ቧንቧ ፈነዳ። የምኖረው ድሬዳዋ ነው፤ ከልጄና ከምራቴ ጋር። ቧንቧው ተጠግኖ ወለሉ ከደረቀ በኋላ ነገሩ ያለፈ መስሎን ነበር። ታዲያ ሰንበትበት ሲል ምራቴ ሶፋውን ካለበሰችው ላስቲክ ሥር አንድ ሽታ ይወጣ ጀመር። «እማማ፣ ምንድን ነው የሚሸተው? አይጥ ሞቶ ይሆን እንዴ?» አለችኝ አፍንጫዋን ይዛ። ድሬ ተወልዳ ድሬ ያደገች ልጅ ናት። እዚህ አገር ልብስ አስጥተው ሳይጨርሱ የመጀመሪያው ይደርቃል፤ ሻጋታ የሚባል ነገር ከየት ታውቀዋለች? እኔ ግን ላስቲኩን ሳልገልጠው አወቅሁት። «አይጥ አይደለም ልጄ፤ የኔ አገር ነው» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ ፊቴን ወደ ሥዕለ ማርያም አዙሬ ቁጭ አልኩ፤ ጸሎት ግን አልመጣልኝም። የመጣው መቱ ነው።

መቱ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤ የቤቱ ባለቤት ነው፤ የምንጠለለው እኛ ነን። ከፋሲካ ጀምሮ እስከ ኅዳር ጽዮን ድረስ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይኖራል። አልጋ ሥር የተቀመጠ የቆዳ ጫማ በሳምንቱ አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል። ለቤተ ክርስቲያን የምንለብሰውን ነጠላ የምናደርቀው ከምድጃ በላይ ሰቅለን ስለነበር፣ እሑድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ምእመኑ ሁሉ ጭስ ጭስ ይል ነበር፤ ማንም ማንንም አይታዘብም። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ሲወርዱ በስተግራ የጋሽ ከድር ሱቅ ነበረች። ጋሽ ከድር ስልጤ ናቸው፤ ኦሮምኛውን ከኛ ይልቅ ያሳምሩታል። ጃንጥላ፣ ቦቲ ጫማ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የኪሮሽ ክር፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ ነው። አንድ ጥቅል ክር በሁለት ብር ከሃምሳ እገዛ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ገንዘብ ከረሜላም አይገኝ። ከሱቃቸው አጠገብ ካሴት የሚሸጥ ልጅ ነበር፤ የኦሮምኛ ዘፈን ከፍቶ ዝናቡን እበልጣለሁ ይላል፤ ዝናቡ ይበልጠዋል። ወንዶቹ ተማሪዎች ጭቃ የሚጠርግ ሰፊ ጂንስ የሚጎትቱበት፣ ሴቶቹ ፀጉራቸውን በቫዝሊን አስተኝተው ያንኑ በዝናብ የሚያበላሹበት ዘመን ነው። እንዲህ ሆኖም ያምርብን ነበር፤ ወይ ወጣትነት ነው መሰለኝ ያሳመረው።

እኔ እዚያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ባለቤቴ ተፈራ፣ ነፍሱን በአብርሃም እቅፍ ያኑራትና፣ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። እዚያው መቱ አጠገብ ቡሬ ነው ያደገው፤ ሁለቱንም ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አጋብቶ ይናገራል፤ ሲቆጣ ኦሮምኛው፣ ሲያዝን አማርኛው ይበዛል። አንድ ቀን ከስብሰባ ሲመለስ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወሬውን ጀመረ። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለገጠር ትምህርት ቤቶች በርካሽ የሚሠራ የኮምፒውተር ክፍል ያቋቁማል አለኝ። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ለየተማሪው ሙሉ ኮምፒውተር ስለማያስፈልግ ነው። አንዲት ጠንካራ ማሽን ትኖራለች፤ ሌሎቹ ከውጭ የመጡ አሮጌ ስክሪኖችና የፊደል ገበታዎች ናቸው፤ በሽቦ ከእሷ ጋር ይያያዙና ሁሉም በእሷ ጉልበት ይሠራሉ። «እናት በያት፤ ሌሎቹ ከእሷ የሚጠቡ ልጆች ናቸው» አለኝ። «እናትየው ከታመመችስ?» አልኩት። «አንቺ ደግሞ ከሠርጉ በፊት ሐዘኑን ታመጫለሽ» ብሎ ተቆጣኝ።

ድርጅቱ ማሽኖቹን ይሰጣል፤ ክፍሉን ማደስ፣ ጠረጴዛ ማሠራት፣ ዕቃውን ከአዲስ አበባ ማስጫን ግን የትምህርት ቤቱ ዕዳ ነው ተባለ። ስለዚህ ወላጆች ተጠሩ። በኛ አገር ወላጅ አምጣ ሲባል የሚያመጣው ቡና ነው። ከሁሩሙ፣ ከሶር ወንዝ ማዶ፣ ከየቀበሌው ሰዉ ጀንፈሉን፣ ያልተፈለፈለ ቡናውን፣ በጣሳ በጣሳ እየያዘ መጥቶ የትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ሲከምር አይቻለሁ። የዚያን ቀን ነው እትዬ ዳሚቱን ያወቅኋት። ሁሩሙ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሌንሴ የምትባል ልጇ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ መቱ ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ከእናቷ ስንቅ እየወሰደች የምትማር። እትዬ ዳሚቱ ጀንፈሏን ከማስረከቧ በፊት በሕዝብ መካከል ተነሥታ ተፈራን ጠየቀችው።

«ባርሲሳ» አለችው፤ በኦሮምኛ መምህር ማለቷ ነው። «ባርሲሳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጄ ይኼን ነገር በእጇ ትነካዋለች ወይስ በመስኮት ነው የምታየው?»

ሰዉ ሳቀ። ተፈራ አልሳቀም። «ትነካዋለች እትዬ ዳሚቱ። አሥራ ሁለተኛን ሳትጨርስ በእጇ ትነካዋለች። ቃሌ ነው» አለ። «እንግዲያው ይኸው» ብላ ጣሳዋን ገለበጠችው።

ጥምቀት ባለፈ ማግሥት ማሽኖቹ መጡ። አብሯቸው አንድ ቀጭን ወጣት ባለሙያ መጥቶ ሽቦውን ዘርግቶ ሁሉንም አገናኘ። ያቺን እናት ማሽን ሲያስነሣት ስክሪኖቹ በየተራ ብርሃን ሲለብሱ ሳይ፣ ምን ልበላችሁ፣ አማተብኩ። ባለሙያው ለመምህራኑ አንዳንድ ነገር አሳይቶ ሲሄድ ተፈራን ለብቻው ጠርቶ፣ «መምህር፣ ሳይሠራ የተቀመጠ ማሽን ነው ቶሎ የሚሞተው። በየቀኑ ክፈቱት፣ ይሙቅ፣ ይተንፍስ። በተለይ እናንተ አገር» አለው። እኔም አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ርዕሰ መምህሩ ግን፣ ሰው ላለማማት ስማቸውን አልጠራም፣ ደግ ሰውም ነበሩ፣ «ሳይመረቅ አይነካም» አሉ። በኛ አገር አዲስ ነገር ሁሉ ምረቃ ይጠብቃል፤ ቤትም ቢሆን ካህን ጠበል ሳይረጭበት አይገባበትም። ምረቃው ከፋሲካ በኋላ ይሆናል፣ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሪባን ይቆርጣሉ ተባለ። እስከዚያ ክፍሉ ተቆለፈ። አንዱ ቁልፍ ርዕሰ መምህሩ ጋ፣ ሌላው ንብረት ክፍሏ ጋ ሆነ፤ አንዱ ብቻውን አይከፍትም። ንብረት ክፍሏን አልፈርድባትም፤ አንዲት ሽቦ ብትጠፋ ከደመወዟ ነው የምትቆረጥባት። ከመቆለፉ በፊት ማሽኖቹ አቧራ እንዳይነካቸው እያንዳንዳቸው በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልለው በገመድ ታሠሩ። እኛ ሴቶቹ መምህራን ደግሞ እጃችን ባዶ አይሁን ብለን ከጋሽ ከድር ሱቅ ክር ገዝተን፣ ለእያንዳንዱ ስክሪን ነጭ ዳንቴል ሠራን። ዙሪያውን ዘርፍ ያለው፣ መካከሉ ላይ አበባ። ያኔ ማንም ሰው ቤት ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮኑም፣ ስልኩም ዳንቴል ይለብስ ነበር። የከበረ ነገር ይሸፈናል፤ ታቦት እንኳ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ነው የሚወጣው። እኛ ሌላ ክብር አናውቅም ነበር።

ፋሲካ አለፈ። ባለሥልጣኑ ስብሰባ ገቡ ተባለ። ግንቦት ልደታ አለፈ፤ መንገዱ ተበላሸ ተባለ። ክረምት ገባ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መስከረም ተከፈተ፤ ባለሥልጣኑ ተዛውረው ሌላ ተሾሙ፤ አዲሱ ገና አገሩን እያወቁ ነው ተባለ። ዝናቡ ግን ቀጠሮ አላፈረሰም። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ተፈራ መቀለጃ ሆነ። «ተፌ፣ ሙሽሮችህ ከጫጉላ የሚወጡት መቼ ነው?» ይሉታል፣ ነጭ ለብሰው ተዘግቶባቸው ተቀምጠዋልና። ተማሪዎቹም አይምሩትም። አንዱ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ተዘግቶ የሚሠራ ማሽን በየትኛው የፊዚክስ ሕግ ነው?» አለው አሉ። ቤት መጥቶ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር፤ ራቱን ግን አልበላም።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ ሲማጸናቸው እኔ የፈተና ወረቀት ለማባዛት በር ላይ ቆሜ ነበር።

«ጋሼ፣ በሳምንት አንዲት ሰዓት ብቻ። የአሥራ ሁለተኛዎቹን ብቻ። እኔ ራሴ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ።»

«ተፈራ፣ እኔ ጠላትህ ነኝ? አንዱ ልጅ አንዱን ቢሰብር፣ ሪባኑን የሚቆርጡት ሰውዬ በምን ላይ ይቁረጡ?»

«በሰው እጅ የተሰበረ ይጠገናል ጋሼ። እንዲሁ የበሰበሰውን ማን ይጠግነዋል?»

«ምን ይበሰብሳል? በላስቲክ አይደለም እንዴ የጠቀለልነው! ነፋስ እንኳ አይገባውም።»

«ነፋስ አለመግባቱ ነው እኮ ያስፈራኝ» አለ ተፈራ። ርዕሰ መምህሩ ሳቁ። የላስቲክ ካፖርት ከዝናብ ሲያድን እንጂ ሲያረጥብ ያየ ሰው በመቱ ከተማ የለም ብለው ነው የሳቁት። ተፈራ ወጥቶ አልፎኝ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት በኋላ በክፍሉ መስኮት በኩል ሳያልፍ ቤት አይገባም ነበር። መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለብሶ ስለነበር የሚያየው ነገር አልነበረም።

በመጨረሻ፣ በሁለተኛው ዓመት፣ የሌንሴ ክፍል መልቀቂያ ፈተናው ሲቀርብ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ ሰሞን፣ ባለሥልጣኑ በእርግጥ ይመጣሉ ተባለ። ድንኳን ተተከለ። ወላጆች ከየገጠሩ መጡ። ተማሪዎቹ ዩኒፎርማቸውን በከሰል ካውያ ተኩሰው ተሰለፉ። ጧት እንግዶቹ ሳይደርሱ ክፍሉ በሁለቱም ቁልፍ ተከፈተ፤ ያ ሽታ ያኔ ነው በሩ ላይ የተቀበለን። ዳንቴሎቹ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ወርዶባቸዋል። ተፈራ የመጀመሪያውን ገመድ ፈትቶ ላስቲኩን ሲገልጥ ውስጡ የተንጠለጠለው ውኃ እጁ ላይ ፈሰሰ። የፊደል ገበታው ላይ ነጭ ሻጋታ እንደ ጥጥ ተነጥፏል፤ ሽቦው የሚሰካበት ብረት ሁሉ ዝጓል። ተፈራ ወደ እናትየው ማሽን ሄዶ በመሐረቡ ወለወላት፤ ሰካት፤ ማብሪያውን ተጫነ። አንድ ጊዜ አጉረመረመች፤ ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተና ዝም አለች። ደግሞ ተጫነ። ደግሞ ተጫነ። እጁን ያዝኩት።

መኪናዎቹ የሶርን ድልድይ አልፈዋል ተብሎ ስልክ መጣ። ርዕሰ መምህሩ ላባቸውን ጠርገው፣ «ልጆቹ ይቀመጡ። መብራት ጠፍቷል እንላለን» አሉ። መቱ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የታመነ ቃል የለም። ችግሩ ያን ቀን መብራት መኖሩ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ አምፖሉ ቦግ ብሏል፤ ከድንኳኑ ድምፅ ማጉያው «ሀሎ፣ ሀሎ፣ አንድ፣ ሁለት» ይላል። ስለዚህ ዘበኛው ሄዶ ከቆጣሪው ላይ አጠፋው። ውሸቱን እውነት አደረግነው እላችኋለሁ። ሻጋታው ተጠረገ፣ ዳንቴሉ ተነሣ፣ ልጆቹ በየጠረጴዛው ተቀምጠው እጃቸውን ፊደሉ ላይ አኖሩ። ሌንሴ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ሪባኑ ተቆረጠ፤ እንግዳው ገቡ፤ መብራት የለም ሲባሉ፣ «ያው መብራታችን እንደሆነ አመሉ ነው» አሉና ሁሉም ሳቀ። ፎቶ አንሺው ልጆቹን «እንደምትጽፉ ሁኑ» አላቸው። ያኔ በሙሉ መጫን ጀመሩ። ያ ድምፅ፣ ቀጭቀጭ የሚለው፣ በዚያ ጨለማ ስክሪን ፊት፣ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እንግዳው ሌንሴ አጠገብ ቆሙ። «ምን እየጻፍሽ ነው የኔ ልጅ?»

ልጅቷ ቀና ብላ ተፈራን አየችው። ከዚያ ስክሪኑን። «ስሜን» አለች።

«ጎበዝ! እስቲ አጨብጭቡላት!»

ጭብጨባው ሲነሣ ከመስኮቱ ውጪ እልልታ ቀለጠ። እትዬ ዳሚቱ ናት፤ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ ልጇ ስትጽፍ አይታለች። ሁሉ ነገር አልቆ እንግዶቹ ለምሳ ሲሄዱ፣ ሰዉን ገፍታ መጥታ የተፈራን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ሳመችው። «ገላቶማ ባርሲሳ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቃልዎን ጠበቁ» አለችው።

በቀጣዩ ቅዳሜ «ተነሺ፣ ሁሩሙ እንሂድ። እነግራታለሁ» አለኝ። ለነፍሱ እንደሚበጀው አውቄ ደስ አለኝ፤ ሐሰት በልብ ይዞ መቁረብ እንዴት ይቻላል? በሚኒባስ ሄደን፣ ከመንገዱ ወርደን በቡናው መካከል በእግራችን ገባን። እትዬ ዳሚቱ «አከም ጂርቱ፣ ደኅና ናችሁ?» እያለች ሮጣ ወጣች፤ ማር በሳህን አቀረበችልን። ተፈራ ማሩን ሳይነካ ሁሉንም ነገራት፤ ላስቲኩን፣ ሻጋታውን፣ ቆጣሪውን። ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰማችው።

«አውቄያለሁ» አለች። «ሌንሴ ቤት እንደመጣች አልቅሳ ነገረችኝ።»

«እንግዲያው ሰኞ ወላጆችን ሰብስቤ በይፋ እናገራለሁ። ቡናችሁን ሰጥታችኋል። እውነቱ ይገባችኋል።»

ያን ጊዜ ነው የደነገጠችው። ብድግ አለች። «እንዳያደርጉት ባርሲሳ! ያቺን ቤት ያዩዋታል?» በቡናው ማዶ አንድ የሣር ቤት አሳየችን። «ጎረቤቴ ልጇን ለባል ልትሰጣት ጥሎሽ ተቀብላ ነበር። ገበያ ላይ የዳሚቱ ልጅ ኮምፒውተር ጻፈች ሲባል ሰምታ፣ ልጄም ትማር ብላ ጥሎሹን መለሰች። ትናንት ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ተመለሰች። አሁን እርስዎ ወጥተው ውሸት ነበር ካሉ፣ ያቺ ልጅ የት ትገባለች?»

ተፈራ ወደኔ ዞረ። እኔ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፣ ንስሐ አባትም አለኝ፤ ዓይኔ ግን ከዚያች የሣር ቤት አልተነሣም።

«እስከ መቼ ነው ዝም የምለው እትዬ ዳሚቱ?»

«እስኪሠራ ድረስ» አለችው።

እስኪሠራ ድረስ። ባሌ ከዚያ ወዲያ የኖረው ለዚህች ቃል ነው። ወደ ባለሙያው ስልክ ደወለ፤ አይሠራም። በየዕረፍቱ ጅማ ሄደ፣ አዲስ አበባ ሄደ፤ ድርጅቱ ቢሮውን ዘግቶ አገር ለቅቋል። መለዋወጫ ዕቃ የሚሸጡት ያችን ማሽን ሲያዩ «አባት፣ ይቺ እኮ ድሮ ቀርታለች» ይሉታል። ገና አባት የሚያሰኝ ዕድሜ አልነበረውም። ክፍሉ መጀመሪያ የተሰበረ ዴስክ ገባበት፣ ቀጥሎ የሲሚንቶ ከረጢት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የምረቃው ቀን ፎቶ ግን አልተነሣም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳዩታል፦ ልጆች በኮምፒውተር ሲማሩ። ተፈራ በዚያ ፎቶ ፊት እያለፈ ብዙ ዓመት አስተማረ። እየቆየ ዝምታው ቤትም ገባ፤ ገበታም ላይ፣ አልጋም ላይ። ሐኪሙ ጉበት ነው አለ። ይሁን፤ የሐኪም ነገር አይካድም። ቀብረነው ስናበቃ ልጄ «አንቺ ብቻሽን እዚህ ዝናብ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ ድሬ አመጣኝ።

ሌንሴ ነጥቡ አልመጣላትም። አግብታ ቡሬ ገባች፤ የቡና ለቀማ ትሠራለች አሉኝ። ልጅ ወልዳለች፤ ልጅቷ አያቷ ዘንድ ሁሩሙ አድጋ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። ይኼን የማውቀው ሶፋው በሸተተ በሳምንቱ እትዬ ዳሚቱ ስለደወለችልኝ ነው። ድምፅዋ አርጅቷል፤ ጩኸቷ ግን ያው ነው፤ ስልክ ላይ ከማዶ ተራራ እንደሚጠሩት ነው የምትናገረው።

«ባርሲፍቱ! ደኅና ነዎት? ሰማዩስ? ዝናብ አላችሁ?» አለችኝ፤ ባርሲፍቱ መምህርት ማለት ነው።

«የለንም እትዬ ዳሚቱ። ደረቅ ነው።»

«ባርሲፍቱ፣ መልቀቂያው ፈተና ዘንድሮ በኮምፒውተር ነው አሉ። ወረቀት የለም። ልጅቷ ደግሞ እጇ ነክቶት አያውቅም። ትምህርት ቤቷ ውስጥ አለ ይላሉ፤ ተቆልፏል። ሌሊት እየተነሣች ታለቅሳለች። እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ታውቃላችሁ። ከፈተናው በፊት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ የምትነካው የት ላግኝላት?»

ድሬ ሆኜ ሁሩሙ ላለች ልጅ ምን አደርጋለሁ? ልጄን ጠየቅሁት፤ የሚያውቀው ሰው የለም። መቱ የማውቃቸው ወይ ሞተዋል ወይ ተበትነዋል። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ የማውቀውን ብቸኛ ነገር አልኳት።

«እጸልይላታለሁ እትዬ ዳሚቱ። ሱባኤ ገብቼ እጸልይላታለሁ።»

አልተቆጣችም፤ ስትመልስልኝም ለሕፃን እንደሚያስረዱት ቀስ ብላ ነበር።

«ጸሎቱስ እኔም አለኝ፣ ባርሲፍቱ። የጠየቅኩዎት ኮምፒውተር ነው።»